ሦስት ማክሰኞ በአልቢ ሜዳ

ሥራ የጀመርኩት በርክክብ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከስቶክሆልም ዳር አልቢ ላይ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ከቱነልባና፣ ወርጄ ሜዳው ስደርስ ከእኔ በፊት የነበረው ትጥቅ ያዥ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሦስት ቁልፍ፣ አንድ የኳስ መንፊያ፣ አንድ የታኬታ ጥርስ ማጥበቂያና አሥራ ስድስት ማልያ አስረከበኝ። «አሥራ ሰባት ነው የተባልኩት» አልኩት። «አሥራ ሰባተኛውን የሊቀ መንበሩ ልጅ ይተኛበታል» አለኝና ሄደ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባላል። እኔ እንዲያውም ገንፎው ሳይቀርብ የምጠረጥር ሰው ነኝ። ልጁ ቤት ሄጄ አልጋውን ባላይም፣ ማልያው የተሸጠ መስሎኝ ወር ሙሉ የሊቀ መንበሩን ዘመዶች ደረት ደረታቸውን ስመለከት ከረምኩ።

አሰልጣኛችን ቤንግት የሚባል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ስዊድናዊ ነበር። የዚያኑ ዕለት ሥራዬን ባጭሩ ነገረኝ፤ «እኔ ተጫዋቹን የማየው ሜዳ ላይ ነው። አንተ ልብስ ሲቀይርም ታየዋለህ። ያየኸውን ንገረኝ።» ይህን እንደ ሹመት ቆጠርኩት።

ክለቡን ያቋቋሙት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ ኳስ የሚጫወቱ የአገራችን ልጆች ናቸው። ከጠጠር ሜዳ ተነስቶ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ወጥቶ፣ ግማሽ ፕሮፌሽናል እስከ መባል ደረሰ። ይህ ማለት ተጫዋቹ ቀን መጋዘን ወይም ሆስፒታል ይሠራል፣ ሲያመሽ ለኳሱ መጠነኛ አበል ያገኛል ማለት ነው።

መተማመን ግን አልነበረም። ኦርቶዶክሱ «ቦርዱን ጴንጤዎች ያዙት» ይላል። እኛ ጴንጤዎቹ «የወሎ ልጆች ተጠራርተው ድምፅ ሰጡ» እንላለን። የወሎ ልጆች ደግሞ ሁላችንንም አያምኑንም። ቤንግት አንድ ቀን ከስብሰባ ወጥቶ፣ «እርስ በርስ እንደምትጠባበቁት ተጋጣሚን ብትጠብቁ ኖሮ ጎል አይገባብንም ነበር» አለ። ሳቅንለት እንጂ አልተለወጥንም።

ኤፍሬም የግራ ክንፋችን ነበር። የምግብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ይውላል። ፍጥነቱን የማውቀው ከማልያው ነው። ሊደርሱበት ያልቻሉ ተከላካዮች ስለሚጎትቱት ትከሻው ላይ ይተረተራል፤ የምሰፋው እኔ ነኝ። በአራተኛው ዓመቴ በጋ ላይ፣ ከከተማው ትልልቅ ክለቦች የአንዱ ተጫዋች መራጭ እሱን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገረን። ቀጠሮው በነሐሴ፣ ሦስተኛው ማክሰኞ ግጥሚያ ላይ ነው። ከዚያ መጋዘን መውጫው ይህ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ማክሰኞ ኤፍሬም ከዕረፍት በኋላ እግሩ ከዳው። ግጥሚያው ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት ላይ ቢጀመርም፣ የስቶክሆልም ነሐሴ ነውና ፀሐዩ ገና ዓይን ይወጋል። በዕረፍት ላይ ሙዝ ቆርጬ፣ ሳፍት የሚሉትን የፍራፍሬ ጭማቂ በውሃ በጥብጬ አዞርኩ። ሙዙን አልነካም። ሳፍቱን ተጉመጥምጦ ተፋው። እኔ የበጠበጥኩትን! ክፉኛ ከነከነኝ።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አየሁ። ኤፍሬምን ወደ ሜዳ ያመጣችው ነጭ መኪና ናት። የሚነዳት ጢሙን ያሳደገ፣ የማላውቀው ሰው ነው፤ ኤፍሬምን ጎንበስ አድርጎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ነግሮት ሄደ። ኤፍሬም አንዲት ሰማያዊ ቦርሳም ይዞ ነበር። ቦርሳ ሁሉ በእኔ እጅ ነው የሚጫነው፤ ያቺን ግን፣ «ይተዉት ጋሼ፣ እኔው እይዘዋለሁ» አለኝ።

ሁለተኛው ማክሰኞ ተሸነፍን። ኤፍሬም ሁለት ግልጽ ኳስ ሳተ። ሳፍቱን አሁንም ተፋ፤ ነጯ መኪናም አሁንም መጣች። በእኔ ሂሳብ ነገሩ አለቀለት፤ ልጁ ተሽጧል። ወይ እንድንሸነፍ ይፈልጋል፣ ወይ ለሌላ ክለብ ፈርሞ እግሩን እየቆጠበ ነው።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ለቤንግት ሁሉንም ነገርኩት።

«እርግጠኛ ነህ?» አለኝ።

«በዓይኔ ያየሁት ነው።»

«ምን አየህ?»

መኪናዋን፣ ቦርሳዋን፣ የተተፋውን ሳፍት ዘረዘርኩለት። ቤንግት ሰው ፊት ለፊት መጋፈጥ አይወድም። ኤፍሬምን ምንም አልጠየቀውም። በሦስተኛው ማክሰኞ የአሰላለፉን ወረቀት ሲለጥፍ ግን የኤፍሬም ስም ከተጠባባቂዎቹ ተርታ ነበር።

መራጩ መጣ። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ኤፍሬም ከእኔ አጠገብ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ሆኖ በየደቂቃው ከኋላችን ወዳሉት ፎቆች ይዞራል። መኪናዋን ይጠብቃል ብዬ እኔም አብሬው እዞራለሁ። መኪና የለም። ከዕረፍት መልስ ጥቂት እንደ ሄድን ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ገባች። ኤፍሬም አማተበ፤ ቦርሳዋን ከፈተ፤ ደረቅ ዳቦ፣ የሽምብራ ንፍሮና አንድ ላስቲክ ውሃ አወጣ። ውሃውን ሳይተነፍስ ጨለጠው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ፍልሰታ አይደል ጋሼ? ሱባኤ ይዤ ነው። ጀምበር ሳትጠልቅ ውሃም አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ። አገር ቤት እንደማውቃት መስሎኝ ነበር፤ እዚህ እኮ አልጠልቅም አለች!»

እኛ ቤት የአዋጅ ጾም የለም፤ ነሐሴ ለእኔ የጨዋታ ወር ብቻ ነበር።

«ባለ መኪናውስ?»

«ዲያቆኑ ነው። ከሥራ አንስቶ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰኛል፤ ከዚያ እዚህ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን? በሁዳዴ ሰው ሁሉ ፊት ‹ጾመኛ ለተጠባባቂ ወንበር ነው› ብለው አልነበር? ፈራሁ።»

ብዬ ነበር። በአንድ ጾመኛ ተከላካያችን ላሾፍ ብዬ።

«ለመሆኑ የተሳልከው ለምንድን ነው?»

በአገጩ መራጩን አሳየኝ። «ይሄ ሰውዬ እንዲያየኝ።»

ተነስቼ ወደ ቤንግት ሮጥኩ። «አስገባው፣ ተሳስቻለሁ፣ ልጁ ጾመኛ ነው!» አልኩት። ቤንግት ሜዳውን፣ ቀጥሎም እኔን አየ። «ቅያሬ ጨርሻለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን እንደ ሁልጊዜው ዝቅ አድርጎ፣ «ጾሙን ብትነግረኝ ኖሮ በሌላ ቀን እንዲመጣ እደውልለት ነበር» አለኝ። መራጩ አሥር ደቂቃ ሲቀር ደብተሩን ከድኖ ወጣ።

ጨዋታው አልቆ ማልያ ስሰበስብ ኤፍሬም የእሱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ላብ አልነካውም። «ለቤንግት የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን ብለው?»

«ተሽጧል ብዬ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ግራ ተጋብቶ አየኝ።

«ለማን?» አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠረጥረው ለማን ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም። አፈርኩ። ዛሬም ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ቤንግት ሁለት ጊዜ ደወለ፤ መራጩ ሌላ የግራ ክንፍ አግኝቶ ስለነበር አልተመለሰም። ኤፍሬም የጨዋታ ዘመኑን እስከ ጥቅምት ጨረሰና ሶደርተልየ ከተማ የጭነት መኪና ፋብሪካ ገባ። ኳስ አቆመ። አንድ ጊዜ ፔንደልቶግ በሚባለው የከተማ ዳር ባቡር ላይ ተገናኝተን ወንበር ለቀቀልኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለዚያ ነሐሴ አንዳችንም አላነሳንም። ክለቡም ዘጠናዎቹ ሳያልቁ ከጎረቤት ክለብ ጋር ተዋሐደና ስሙ ጠፋ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ትጥቅ ያዥ ሆኜ ቆየሁ።

ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው አንድ ነገር ነው። ተጫዋች ሲደክም ካያችሁ፣ ለአሰልጣኙ ከመንገራችሁ በፊት ምሳውን በልቶ እንደሆነ ራሱን ጠይቁት።