ካልሲ ያለበስኩት እንቡጥ

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር ስሜንና ፊርማዬን ነው። ይኼን ግን እጽፈዋለሁ፤ አርጅቶ ይቀባጥራል ያሉኝ ሁሉ ያንብቡት።

ባለቤቴ ኮልፌ እንደገባን አጥሩ ሥር አንድ ጽጌረዳ ተክላ ነበር። አበባው እንደ ቀይ ሥር የጠቆረ ቀይ ነው። እሷ ካረፈች ወዲህ በየዓመቱ የመጀመሪያውን አበባ ቆርጬ ፎቶዋ ሥር አስቀምጣለሁ። ሌላ የማደርግላት ነገር የለኝም።

አምና ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ብየዳ ጀመረ፤ አየር ጤና ወስዶ የሚሸጠው በርና መስኮት ይሠራል። ብልጭታው ዓይንዎን እንዳይጎዳ ነው ብሎ በአጥራችን ላይ ቆርቆሮ ቀጥሎ ሰቀለ። ጽጌረዳዬን ጥላ ዋጠው። ቀጥሎ ያበበው አበባ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጥለት ገርጥቶ ወጣ። ፎቶዋ ሥር ላስቀምጠው አፈርኩ።

"አበባዬን አገረጣው፤ ቆርቆሮህን አንሣ" አልኩት።

"አባባ፣ አፈሩ ነው እኮ። ከቆሼ በኩል በጆንያ ያስመጡት እርስዎ አይደሉም? ደግሞ አበባም ያረጃል።"

ለእድራችን ሽማግሌዎች ከሰስኩት። መጡ። አንዱ አፈሩን ቆንጥሮ አሸተተና "የቆሼ ነው፣ አፈሩን ይቀይሩ" ብሎ ፈረደ። አልቀየርኩም።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከቆርቆሮው ጫፍ ሾልኮ ፀሐይ አግኝቷል። ሁለት እንቡጥ ይዟል። አሮጌ ጥቁር ካልሲዬን አንዱ እንቡጥ ላይ አጠለቅኩና በክር አሰርኩት፤ ሌላውን ተውኩት። ጎረቤቴ በቆርቆሮው ክፍተት አየኝ።

"አባባ፣ ሌላኛውንስ አይበርደውም?"

"ሳቅ አንተ" አልኩት።

እንቡጦቹ እስኪፈነዱ ጠብቄ ሽማግሌዎቹን መልሼ ጠራሁ፤ ጎረቤቴንም ጨምሬ። እፊታቸው ካልሲውን ፈታሁ። ውስጡ የነበረው ገርጥቷል፤ ከጎኑ ያለው እንደ ድሮው ነው።

"ሥሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ ቅርንጫፉ አንድ። አፈር ከሆነ ያገረጣው ይኼኛውን ለምን ማረው?"

አፈር ያሸተተው ሽማግሌ ጣቱን ጋቢው ውስጥ ከተተ።

"ፀሐይ ደግሞ መቼ ነው አበባ ማቅለም የጀመረችው?" አለ ጎረቤቴ።

"እጅጌህን ወደ ላይ ሰብስብ።"

"ለምን?"

"ሰብስብ አልኩህ።"

ሰበሰበ። ከክርኑ በታች ጠቁሯል፤ አጭር እጅጌው ይሸፍነው የነበረው ፈካ ያለ ነው።

"ይኼን ማን አጠቆረው?"

"ፀሐይ።"

"ይኼ የኔ አበባም እንደዚሁ ነው። ቀለሙን ከውስጡ ራሱ ነው የሚሠራው፤ ግን ብርሃን ካላየ አይሠራም። በእንቡጥነቱ ከከለልከው ገርጥቶ ይወጣል።"

የሌላው አበባ ሁሉ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሳይንሱንም አላውቅም። ዓይን ግን አለኝ።

ሽማግሌዎቹ "በጽጌረዳው በኩል ያለውን አንሣለት" አሉት። በማግስቱ አነሣ። አሁን ብልጭታው ግድግዳዬ ላይ ይንቦገቦጋል፤ ፊቴን አዞራለሁ። አመሰግናለሁ አላልኩትም፤ የወሰደውን ነው የመለሰው። ቀጥሎ ያበበውን ቆርጬ ፎቶዋ ሥር አስቀመጥኩ። ቀይ ሥር ነው።

ሰሞኑን መጥቶ፣ "አባባ፣ ዝናቡ ዕቃዬን ሊያበላሽብኝ ነው፤ ለክረምት ብቻ መልሼ ልስቀለው?" አለኝ።

አይሆንም አልኩት። ካልሲዬን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።