ለድመት የማይሆን ኪኒን

በ1974 ዓ.ም. አልታየች ኮምቦልቻ ከተማ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ እቤቷ ጥቂት ምእመናን ተሰብስበው በሹክሹክታ ይጸልያሉ። «ጴንጤ» መባል ብቻውን የሚያሳስርበት ዘመን ስለነበር፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ጸሎቱን ያቋርጣሉ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቢያዝን የቤቱን ድመት በጋቢ ጠቅልሎ መጣ። ግልገሎቿ ሆዷ ውስጥ ሞተው ነበር። የክሊኒኩ ሐኪም ዶክተር ሙሄዲን ቀደው አወጡላትና የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጓት። «ነገ ጠዋት መጥቼ መርፌውን እደግምላታለሁ። እስከዚያ ሌላ መድኃኒት እንዳትሰጫት» ብለው ለከብት ክትባት ወደ ገጠር ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ተመለሰ። ድመቷ ኩርምት ብላ ታቃስታለች። ከኪሱ ፓራሲታሞል አወጣ።

«አድቅቂና ስጫት።»

አልታየች ኪኒኑን አወቀችው። ይህ ኪኒን ድመት እንደሚገድል ዶክተሩ ደጋግመው ነግረዋታል። ብትሰጣት ድመቷን ገደለች፤ እምቢ ብትል የሊቀመንበር ትእዛዝ ጣሰች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ለድመት መርዝ ነው።»

«እኔ ስውጠው ይሻለኝ የለም እንዴ?»

«እርስዎን ይሻልዎታል። እሷን ግን ይገድላታል።»

ትክ ብሎ አያት። «እንግዲያስ ጸልዪላት፤ ታውቂበት የለ!» ብሎ ወጣ።

 እንደምትጸልይ ማን ነገረው? ድመቷን በቅርጫት አድርጋ እቤቷ ወሰደቻት። ድመቷ ባቃሰተች ቁጥር «ብትሞትብኝስ?» እያለች እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ነጋ።

ሐሙስ ጠዋት ክሊኒክ ውስጥ ዶክተሩ መርፌውን ደገሙላት። ድመቷ ወተት ላሰች። ሊቀመንበሩ ሊወስዳት ሲመጣ ጎንበስ ብሎ፣ «ዛሬ እቤትሽ እንግዳ እንዳይበዛ» አለ።

ማስፈራራት ይሁን ማስጠንቀቅ አልገባትም። ከሥራ እንደወጣች ምእመናኑን ቤት ለቤት እየዞረች «ዛሬ እንዳትመጡ» አለቻቸው። አመሻሹ ላይ ታጣቂዎች ቤቷን በረበሩ። ያገኙት ልብስ የምታጥብ ሴት ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ አብሯቸው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ «ድመቷ ደህና ናት» ይላታል። «ጌታ ይመስገን» የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ይደርስና፣ «ደስ ይላል፣ ጓድ» ብላ እርምጃዋን ታፈጥናለች።