የጓዳ በር የሌለው ቤት

በቦሳ አዲስ ሰፈር የሴትዮዋን ስም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። ደላላው ኡመይር እንኳ ለቤቷ ሦስት ጊዜ ገዢ አምጥቶላት፣ በኦሮምኛው የእናት መጠሪያ "አዴ" ከማለት አላለፈም። ሻሿን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ቢጫ የላስቲክ ጓንት አጥልቃ፣ የብረት በሯን በሳሙና ስታጥብ ነው ሁልጊዜ የሚያገኛት።

ቤቷ የጓዳ በር የለውም። ኡመይር ይህን ጉድለት ብሎ ዋጋ ሊያስቀንስበት ሲሞክር፣ "ጂዳ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ጓዳ በር ገብቻለሁ፤ ይበቃኛል" ብላ አፉን አስያዘችው።

ዛሬ አራተኛውን ዋጋ ይዞ መጣ፤ ካለፈው በብዙ ያንሳል።

"አዴ፣ ገበያው ሞቷል። ጎረቤቶችዎ በግማሽ ዋጋ ሸጠው ሄዱ። ወላሂ፣ ነገ ይህንንም አያገኙም።"

"ከሞተ አንተን ምን ያመላልስሃል? ይልቅ ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።"

ቤቱን ዞረው ጓሮ ደረሱ። አዲስ መሠረት ተቆፍሯል፤ አሸዋና ድንጋይ ተከምሯል።

"በዚህ ጊዜ ቤት ይሠራሉ?"

"ታዲያ መቼ ልሥራ? ባለ አሸዋው ገዢ አጥቶ በርካሽ ሰጠኝ። ግንበኛውም ሥራ ፈትቶ ራሱ ለምኖኝ መጣ። ሁሉም ከገበያው ሲሸሽ ነው እንደኔ ላለችው ተራ የሚደርሳት።"

የግንበኛውን ሲባጎ ጫፍ እጁ ላይ አኖረችለት።

"ቆመህ ከምታየኝ ያዝልኝ።"

ኡመይር ስለ ዋጋው ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ ግን ሌላውን ጫፍ ይዛ እስከ አጥሩ ድረስ እየራቀች ነበር።

ሲባጎውን ወጠረላት።