ስምንት ነው ያሉኝ ስፒከር

የአጎቴ ጊታር ከማንጎው ዛፍ አልፎ አይሰማም ነበር። አጎቴ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ በዋናው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ግቢ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ጋብ ሲል ይጫወታሉ። የሆቴሉ ባለቤት የምትቀመጠው ግን ከዛፉ ማዶ፣ በረንዳው ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቷ አለቀና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ በረንዳው ካልሰማዎት ለእኔ የሉም ማለት ነው። በሚመጣው ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ከአጣዬ ኦርጋን የሚጫወተውን ልጅ አመጣለሁ።»

አጎቴን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ያ ቅዳሜ ብቻ ነው። ሸሚዝ የሚያስተኩሱት ለእሱ ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሚያነሱት ወሬ ሁሉ ያለፈው ቅዳሜ ነው፤ ካልሆነም የሚመጣው። ስለዚህ ነገሩን እኔ ጋዜጠኛው ያዝኩት።

«ድምፁን ለምን አይጨምሩትም?» ያላለኝ ሰው የለም። አምፕሊፋየሩ ለጃዝ ጊታር የተሠራ ነው፤ ለስላሳና ንጹሕ ድምፅ ያወጣል እንጂ ጉልበት የለውም። ሲጨመር ፊት ለፊት የተቀመጡት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ በረንዳው ደግሞ እንደነበረ ይቀራል። የሚያዋጣው ሁለተኛ ስፒከር በረንዳው ላይ ማስቀመጥ ነው። አምፕሊፋየሩ ከጀርባው ለዚሁ የተዘጋጀ ቀዳዳ አለው፤ አጠገቡም የስፒከሮቹ ድምር ከአራት ኦም በታች እንዳይሆን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚቃወምበት መጠን ነው። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ስፒከር ስምንት ነው፤ ሌላ ስምንት ጎን ለጎን ሲታከልበት ሁለቱ አንድ ላይ አራት ይሆናሉ። ከዚያ ከወረደ አምፕሊፋየሩ ይግላል፣ ይቃጠላል፣ አጎቴም ሌላ የላቸውም።

በከተማው ስፒከር የሚያውቀው የባጃጅ ሙዚቃ የሚገጥመው ባለሙያ ነው። ሱቁ ሄድኩ።

«ባለ ስምንት ኦም አለህ?»

«ስፒከር ሞልቷል።»

«ኦሙ ስንት ነው?»

«ኦም ምንድን ነው?»

«ተቃውሞው» አልኩት።

በር ላይ የቆሙትን የባጃጅ ሾፌሮች አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋዜጠኛው፣ እኛ ምንም ተቃውሞ የለንም» አለ።

ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔ ስፒከሩን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። አራት ነው። ቀጣዩም አራት፣ ከመደርደሪያው የወረደው ሁሉ አራት።

«ወላሂ ያው ነው» አለኝ። «ይጮሃል።»

«እንዲጮህ አልፈልግም።»

«ታዲያ ስፒከር ምን ያደርግልሃል? ይልቅ ሞንታርቦ ተከራይ፤ አጣዬ ድረስ ይሰማልሃል።»

ካራቆሬ የሚኖር፣ ሚኒባስ ይነዳ የነበረ ወዳጅ አለኝ። የሳጥን ስፒከር እንዳለው አስታወስኩና ደወልኩለት።

«ስምንት ነው?»

«ስምንት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እጄ ላይ ነው ያለው።»

በአንድ ሰው ቃል ዜና አልጽፍም። አጠገቡ ማን እንዳለ ጠየቅሁት፤ ጎረቤቱ ነበር፣ ስልኩን ሰጠው። ጎረቤቱም «ስምንት ነው፣ ምን ያጠራጥራል?» አለኝ። በሚኒባስ ላከልኝ። ከመናኸሪያው ተቀብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። ስፒከሩ ጀርባ ላይ አራት ተጽፏል።

«ስምንት አላልከኝም?» ብዬ ደወልኩ።

«ስምንት ኢንች ነው እኮ! ለካው። ሰው ስፒከር የሚጠራው በኢንቹ ነው።»

ሁለት ምስክር ጠይቄ ሁለቱም እውነቱን ነግረውኛል። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ግን አንዱን ብቻ ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። «ከሚኒባስ የተፈታ እኮ ነው። መንታ አለው።»

ይህን መጀመሪያ ቢነግረኝ ኖሮ። ሁለት አራቶች በተከታታይ፣ አንዱ ከሌላው ጭራ ላይ ሲታሰሩ ስምንት ይሆናሉ። መንታው በማግስቱ መጣ። ሁለቱንም በአንድ ሳጥን አድርጌ ባጃጅ ገጣሚው ዘንድ ወሰድኳቸውና እንዴት እንደሚታሰሩ ወረቀት ላይ ሣልኩለት። ሥዕሉን በጥሞና አይቶ ጎን ለጎን አሰራቸው።

«እንዲህ አይደለም የሣልኩልህ።»

«እኛ ሁሌ እንዲህ ነው የምናስረው። ተከፋፍለው ሲጮሁ ነው የሚያምርባቸው።»

በራሱ ቴስተር ለካንበት፤ ከሁለት በታች አለ። ፈታው፣ በተከታታይ አሰረው፣ ለካው። ሰባት አካባቢ ቆመ።

«ይኸው፣ ስምንት አልሆነልህም» አለ፤ ሊፈታው መፍቻ አነሳ።

እጁን ያዝኩት። ቴስተሩ ሁልጊዜ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሾፌሮቹ ተሰብስበው ሰሙኝ። አንዱ፣ «ሰባትን ስምንት ነው ብሎ ሊያሳምነን ነው፤ ጋዜጠኛ አይደል» አለ። ሳጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቅዳሜ ገመዱን በግንቡ ጥግ ዘርግቼ ሳጥኑን ከባለቤቷ ወንበር አጠገብ አስቀመጥኩት። አጎቴ አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ጀመሩ። በረንዳው ላይ እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ተሰማ። ከዛፉ ሥር ያሉት እያወሩ ነው፤ ማንም ጆሮውን አልያዘም። አምፕሊፋየሩን በእጄ ዳሰስኩት፣ አልጋለም። ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ባለቤቷ ስልኳን አስቀምጣ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላለች።

«ተሰማሽ?» አልኳት።

«ጥርት ብሎ። ጋሼ ቃኝተው የሚጨርሱት መቼ ነው?»

«እየተጫወቱ እኮ ነው።»

«እስከ ዛሬም ይህንን ነበር?»

«ይህንን።»

ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። አጎቴ ከማዶ እጃቸውን ከጊታሩ ሳይነቅሉ እሷን ያያሉ። ሲጨርሱ ተነሥታ ግቢውን አቋርጣ ሄደች፤ ተከተልኳት።

«ሰማንዎት ጋሼ» አለቻቸው። «የአጣዬውን ልጅ ተውኩት፤ ቅዳሜዎ የእርስዎ ነው። ግን አንዳንዴ የምናውቀውን ዘፈን ጣል ያድርጉልን።»

«አሁን የሰማሽው የምታውቂው ዘፈን ነው። በጃዝ ዞር አድርጌው ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ሳይዞር ይጫወቱት። እዚያ ሆኜ እሰማለሁ» አለችና ወደ በረንዳዋ ተመለሰች።

አጎቴ የጊታሩን ማንገቻ አስተካከሉ። ወንበሯ ላይ እስክትቀመጥ ጠብቀው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ይህ ያመጣኸው ነገር» አሉኝ፣ «መዝጊያ አለው?»