ሰኢዳን ያላጠብናት ቀን

ወልድያ የሚማረው የእህቴ የልጅ ልጅ ባለፈው ጁምዓ መርሳ መጥቶ፣ ግቢዬ ውስጥ ብርቱካን እየላጠ፣ «አያቴ፣ ሳይንስና ሃይማኖት አብረው ይኖራሉ ወይ? ክርክር አለብን፤ አንቱ ደግሞ ጤና ረዳት ነበሩ» አለኝ። እኔን ማን ዳኛ አደረገኝ! «ብርቱካንህን ብላ» ብዬ ዝም አሰኘሁት። እሱ ሄደ፤ ጥያቄው ግን እኔው ዘንድ ቀረ።

የደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ደርሶ፣ መድፉ ሲያጓራ እኛ ወረዳ ሀብሩ ድረስ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። እኔ ከመርሳ ወጣ ባለች መንደር፣ ባለ አንድ ክፍል ክሊኒክ ውስጥ ብቻዬን እሠራለሁ። መንደሯ ከጦርነቱ በሸሸ ሰው ተጨናንቃለች፤ ሁሉም የሚጠጣው ከአንድ ወንዝ ነው። ያን ሰሞን ሰዉን ያስመልሰውና ያስቀምጠው ጀመር። አንድ ሽማግሌ ሞቱ፤ ሚስታቸው ጀናዛቸውን ባጠቡ ማግስት ታመሙ። ኮሌራ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ናሙና የሚመረመረው ወልድያ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ተዘግቷል።

ያኔ አፌ አያርፍም። ከጤና ረዳት ኮርስ ስመለስ ሶላቴን ትቼ፣ «በዓይኔ ያላየሁትን አላምንም» እያልኩ እናቴን አስለቅሳት ነበር። አይ ልጅነት!

ሌሊቱን ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አድሮ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሰኢዳ ሞተች። የጎረቤታችን የእትዬ ዘይነብ አንድ ልጅ ናት፤ አስራ ስምንት ዓመቷ። ሮጬ ስደርስ ሴቶቹ ውሃ ቀድተው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሊያጥቧት ነው። ቤቱ ወንዙ አፋፍ ላይ ስለሆነ እጣቢው ሁሉ ቁልቁል ወንዝ ይገባል። እጣቢውን የማክምበት በረኪናዬ ካለቀ ሰንብቷል።

«አታጥቧት!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘይነብ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄን እንደ ውሻ ልታስጥያት ነው? አንቺ ከሃዲ!»

ውጭ የቆሙት ወንዶች አጉረመረሙ። አንዱ ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ተጠጋ። ወላሂ ያን ቀን የምመታ መስሎኝ ነበር። ኢማማችን ሸህ እንድሪስ ሰውየውን በእጃቸው ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ» ብል ይበቃኝ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።

«አይደለሁም ሸህዬ። አልተመረመረም። ግን እፈራለሁ። አጣቢዎቹም፣ ያንን ውሃ የሚጠጣውም ሰው እንዳያልቅ እፈራለሁ።»

አለቀልኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሸሁ ወደ በሩ ቀረብ አሉ። ከዚያ ለእትዬ ዘይነብ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ዲናችን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ውሃውን አትተዉ አላለንም። አዋቂ ሰው ጉዳት ከፈራ ይበቃል። ውሃ በሚጎዳበት ጊዜ ተየሙም አለ፤ ሟችም በንጹሕ አፈር ይነጻል» አሉ። ለእኔ ደግሞ፣ «እንዴት እንደምትነካት አሳዪያት» አሉኝ።

የእትዬ ዘይነብን እጅ በጨርቅ ጠቀለልኩ። አፈሩን መታ አድርገው የልጃቸውን ፊት፣ ቀጥለው እጆቿን አበሱ። «ጸጉሯን እንኳ ሳላጥብላት…» አሉ። ከዙህር ሶላት በፊት ቀበርናት። ሸሁም ያልፈላ ውሃ ማንም እንዳይጠጣ መስጊድ ውስጥ ተናገሩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሽታው ቆመ። በአፈሩ ይሁን፣ በማፍላቱ፣ በዱዓው፣ ወይ በራሱ ጊዜ፣ አላውቅም። ከታማሚዎቹ ወስጄ ይዤው የነበረው ናሙናም መንገዱ ሳይከፈት ተበላሽቶ ደፋሁት።

እትዬ ዘይነብ ግን እስኪሞቱ ድረስ፣ መርሳ ገበያ ባገኙኝ ቁጥር ክንዴን ጨብጠው፣ «እሱው በሽታ ነበር አይደል? ውሃ ብነሳት አልበደልኳትም አይደል?» ይሉኛል። እኔም ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣ «እሱው ነበር እትዬ፤ ተመርምሮ ተረጋግጧል» እላቸው ነበር።

ለልጁ ነገ እደውልለታለሁ። አብረው ይኖራሉ፣ አንድ ቀን ሲተጋገዙ አይቻለሁ እለዋለሁ። ያቺን ውሸቴን ግን ኮርሱም አላስተማረኝም፣ ሸሁም አልፈቀዱልኝም። አላህ ይቅር ይበለኝ እላለሁ፤ እትዬ ዘይነብ ዛሬ ተነሥተው ቢጠይቁኝ ግን ያንኑ ነው የምላቸው።