የወስፌ ሠሪው ምራቅ

ከሚሴ መናኸሪያ ጀርባ ካለው ብየዳ ቤት የጋለ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ሽታ፣ ባለፍኩ ቁጥር አባቴን ያመጣብኛል።

አባቴ ለቆዳ ፋቂዎች ወስፌና መፋቂያ ይቀጠቅጥ ነበር። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ሰይድ የታመመ ልጁን ታቅፎ፣ ዱላ የያዙ ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ።

«አንተ ቡዳ! የበላኸው ልጅ ላይ እንትፍ በልበት!»

ቡዳ የተባለ ሰው ከተፋበት በሽተኛው ይድናል ይባላል። አባቴ ግን «ወላሂ አልበላሁም! ከተፋሁማ አመንኩ ማለት ነው» ብሎ አፉን ገጠመ። አፉን በዱላ መቱት። ወናፉን በጩቤ ዘነጠሉት። እናቴ «ስለ አላህ፣ ትፋላቸው!» እያለች ትጮኻለች። ደግመው ሲመቱት ከጥርሱ ጋር ደም ወጥቶ ልጁ ግንባር ላይ ወደቀ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተፋ!» አለ ሰይድ።

እናቴ ደሙን ስታጥብለት አባቴ «ልጁ ከዳነ አለቀልኝ» አላት። ልጅ ቢድን ምን ክፋት አለው ብዬ ግራ ገባኝ።

ልጁ ዳነ። ከዚያ ወዲያ ደጃችን የሚመጣው ወስፌ ፈላጊ ሳይሆን በሽተኛ ያዘለ ሰው ሆነ።

ዛሬ ፋቂዎቹ የሱቅ ወስፌ ቶሎ ይታጠፋል እያሉ ያማርራሉ። ከወንድሞቼ አንዱም መዶሻ አላነሳም።