ሽማግሌ ያልላከው ባቡር

«ይህ ባቡር ጎሳው ማን ነው?»

የጠየቀችኝ ወተት የምታመጣልን አፋር ሴት ናት። ባሏን ከቀበረች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ሕፃን ልጇን አዝላ፣ አንድ እጇን በአዋሽ ጣቢያ አጥር ላይ አሳርፋ፣ ሐዲዱ ላይ የቆሙትን ፉርጎዎች ታያለች። ቀልድ አልነበረም። በእነሱ ዘንድ ሰው የገደለ ጎሳ አለው፤ ጎሳው ሽማግሌ ይልካል፤ ተቀምጠው ነገሩን ያዩታል። ስለዚህ ማንን እንደምትጠብቅ ማወቅ ፈለገች።

«የመንግሥት ነው» አልኳት።

«የመንግሥትስ ጎሳው ማን ነው?»



ያኔ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነበር። ከወሎ መጥታ ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ከፍታለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት። ከዚያ ወዲህ የታተመ ነገር ካገኘሁ፣ ስኳር የተጠቀለለበት ቁራጭ ጋዜጣም ቢሆን፣ ሳላነብ አልጥልም። አክስቴ «ይቺ ፊደል ስትለቅም ሻዩ ገንፍሎ አለቀ» እያለች ደንበኛ ታስቅብኝ ነበር። አፋርኛውን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ከወተት ሻጮቹ ጋር ስከራከር ነው የገባኝ።

ባቡሩ ከጅቡቲ የመጣ ነበር፤ ለጥጥ እርሻዎቹ የሚሆን የተባይ መርዝ በበርሜል ጭኗል። እኛ ጋ ተራግፎ በመኪና ወደ አዋሽ አርባ በኩል ነው የሚሄደው። ጠዋት ነው፤ ወተት ሻጯ ስለዘገየች ልቀበላት ከከተማው ወጣ ብዬ ነበር። ሐዲዱ ከሚታጠፍበት ስደርስ ብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ወዲያው የኋለኞቹ ፉርጎዎች ከሐዲዱ ወጥተው በጎናቸው ተጋደሙ። በርሜሎቹ ቁልቁል ተንከባለሉ፤ አንዳንዶቹ ተቀደዱ። ጭስ የሚመስል ነገር መሬት ለመሬት ተነሣ፤ ሽታው እኔ ካለሁበት ድረስ ዓይን ያቃጥላል።

የወተት ሻጯ ባል ከማዶ ግመሎቹን እየነዳ ነበር። ፉርጎው ውስጥ ሰው ይጮኻል። ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ አፍና አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ገባ። ሲወጣ የባቡር ሠራተኛ ልብስ የለበሰ ሰው በብብቱ ይዞ ይጎትታል። የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ሆኖ ፍሬን የሚጠብቀው ሠራተኛ ነው። ከጭሱ አርቆ አስቀመጠው፤ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ያስመልሰው ጀመር። ሠራተኛውን በመኪና ሐኪም ቤት ወሰዱት። አፋሩን ዘመዶቹ ተሸክመው ወደ ቤቱ ወሰዱት፤ በማግሥቱ ቀበሩት።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ሊቀ መንበሩ የተጻፈ አነበበ፦ አደጋው የአሻጥር ውጤት ሳይሆን አይቀርም፤ ሊዘርፉ የቀረቡ ግለሰቦችም ጉዳት ደርሶባቸዋል። እጄን አነሣሁ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሰውየው ሊዘርፍ አልነበረም። ሠራተኛውን ነው ያወጣው።»

«ጥያቄ ነው አስተያየት?»

«ያየሁትን ነው።»

«ያየሽው አጀንዳው ላይ የለም። ተቀመጪ።»

ሰው ሳቀ። አክስቴ ቀሚሴን ጎትታ አስቀመጠችኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እታለሜ፣ ያልጠየቁሽን አትመልሺ። ዘንድሮ ተጠይቀው የመለሱትም ቤታቸው አልተመለሱም» አለችኝ።

የሟቹ ዘመዶች ግን መጠበቅ ጀመሩ። ታላቅ ወንድሙ፣ ጺሙን ሂና የሚቀባ ሽማግሌ፣ ሁለት ሦስት ሰዎች አስከትሎ ይመጣና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለችው ግራር ሥር ይቀመጣል። ወንድሙ የሞተው የባቡሩን ሰው ሲያወጣ ነው፤ የባቡሩ ሰዎች ሽማግሌ ይዘው እንደሚመጡ ለአፍታ አልተጠራጠረም። ቁጣም አይታይበትም። እንግዳ እንደሚጠብቅ ባለቤት ነበር የሚቀመጠው።

የጣቢያው ሹም በፊታቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም ይላቸዋል። አንድ ቀን እኛ ቤት ሻይ እየጠጣ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ዕቃ ነው የሚጠብቁት? ከድሬዳዋ ነው የሚመጣላቸው?» አለ።

«ዕቃ አይደለም፣ ሰው ነው» አለች አክስቴ።

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ብርጭቆ እያጠበች እንደቆመች ሲያያት ሳቁን ተወ። «እኔ የጣቢያ ሹም ነኝ፤ ባቡሩ የአባቴ አይደለም» ብሎ ወጣ። በዚያች ሰዓት መንገዱን ተሻግሮ አጠገባቸው ቢቀመጥና «ሰው ሞቶባችኋል» ቢላቸው ነገሩ ይጀመር ነበር። ሌላ ምንም አልጠየቁትም። ግን ማን ልኮት?

የማታ መምህሬ የሕግ መጽሐፍ አዋሰኝ። ቀስ ብዬ፣ አንዳንዱን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካሣ ለመጠየቅ የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ያ ካለፈ መብቱ በይርጋ ይቀራል ይላል። በሚቀጥለው ቀን ግራሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«አባ፣ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ካልከሰሳችሁ ጊዜው ያልፍባችኋል።»

«ሰው የሞተበት ማን ነው?» አለኝ ታላቅ ወንድሙ።

«እናንተ።»

«ታዲያ መምጣት ያለበት ማን ነው?»

«መጽሐፉ የሚለው...»

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ሞቶበት አያውቅም ማለት ነው።» አጠገቡ ያሉት ሳቁ። «የሚበላሸው ወተት ነው፤ ደምም ይበላሻል እንዴ?»

ሌላ ቀንም ሄድኩ፤ እንደገናም ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ሲያዩኝ ወሬ ይለውጡ ጀመር።

ፍሬን ጠባቂው ድኖ ተመለሰ። ዳነ ከተባለ ነው እንጂ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት ቦታ ከፋፍሎ እየሳለ ነበር የሚጠጣው። ቤቱ ባዶ የሆነ ቀን አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ያወጣዎትን ሰው ያስታውሱታል?»

«ፎጣው ግመል ግመል ይሸት ነበር» አለ ወዲያው።

«እንግዲያው ይመስክሩለት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ፈርሜአለሁ እህቴ። ራሴ ነኝ የወጣሁት፣ ማንም አልነካኝም ብዬ ፈርሜአለሁ። አልጋ ላይ እያለሁ ነው ያስፈረሙኝ፤ ቆሜም ቢሆን እፈርም ነበር። ልጆቼ የሚበሉት ከዚሁ ሐዲድ ነው።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግራሩ አየ። «ለነሱ እንዳትነግሪያቸው።»

ቃል አልገባሁለትም። ግን እኔም በመስኮቱ አየሁ። ወንድማቸው ነፍሱን የሰጠለት ሰው አላየሁትም ብሎ እንደፈረመ ቢሰሙ የሚሆነው ይታወቃል። ብናገር ሌላ ሴት ባሏን ትቀብራለች። ባልናገር የመጀመሪያይቱ ሴት ከእኔ በቀር ምስክር የላትም፤ ሰውየውም ሌባ እንደተባለ ይቀራል። ወዲህም ወዲያም ስለው መውጫ አጣሁ። እንደዚያው ዝም እንዳልኩ ቀረሁ።

ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፤ ሌላም መጣ። ሽማግሌው ግመሎቹን ሣር ወዳለበት ይዞ ወረደ፤ ግራሩ ሥር ፍየል ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ራሷ መጣችና «እንሂድ» አለችኝ።

ባቡሩን ለመክሰስ በባቡሩ ተሳፈርን፤ እስከ ሚኤሶ በዚያ፣ ከዚያ ወዲያ በመኪና ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት። ከዚህ በፊት ተሳፍራ አታውቅም። ሲነቃነቅ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘችና «ሆዱ ውስጥ ገባን» አለች።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሰውዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ለእሷ ወንበር ሳበላት። አደጋው የደረሰበትን ቀን ጠየቀ፣ ነገርኩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። «ይርጋ አግዶታል። ምስክርስ አላችሁ?»

«እኔ አለሁ።»

«ቢሆንም አሁን የሚሰማሽ ችሎት የለም።»

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ዘግይታችኋል ይላል።»

«እኛ?» አለች። «እኛ እኮ እዚያው ነበርን።»

ይህን ወደ አማርኛ መልሼ ለሰውየው ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

መንግሥት ተለወጠ፤ በእኛ በኩል ባቡሩም እየቆየ፣ እየቆየ መምጣቱን ተወ። አክስቴን አዋሽ ቀበርኩ። እኔ ሰመራ ገብቼ ትምህርት ቤት ውስጥ መጻሕፍት የማውጣትና የመመለስ ሥራ ያዝኩ። ፍሬን ጠባቂው በዚያው ሳል ታሞ መሞቱን ከመንገደኛ ሰማሁ። ሴትዮዋም አረፈች፣ አላህ ይዘንላት።

አንድ ጠዋት ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመና አንዲት ወጣት ወረደች። ቢሮ የምትሠራ መሆኗ ካለባበሷ ያስታውቃል። ማን እንደሆነች ስትነግረኝ፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ሳለች የማውቃት ሕፃን ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው፣ እየሳቀ፣ «አባትሽ ባቡር ሲዘርፍ የሞተው አይደል?» ብሏታል።

«እዚያ ነበርሽ አሉኝ» አለች በአማርኛ። «ያየሽውን ለብቻ፣ የሰማሽውን ለብቻ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ግራሩ፣ እናቷ መዝገብ ቤት ስላለችው። የፍሬን ጠባቂውንም ፊርማ፣ ለማንም ያልተነፈስኩትን፣ ነገርኳት። ስጨርስ መጠየቅ ጀመረች።

«ሲገባ ሮጦ ነው?»

«በእርምጃ ነው።»

«ዞሮ አይቷል?»

«አንዴ። ግመሎቹን።»

«ሰውየው ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?»

«እናቴ፣ እናቴ ይል ነበር።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

«አባቴ አማርኛ አይሰማም ነበር።»

«አይሰማም ነበር» አልኳት።

ውጭ ባለባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ፤ መስኮቱን ከፍታ እንዲሄድ በእጇ አመለከተችው። ተመልሳ ከፊቴ ተቀመጠችና ወንበሯን አስጠጋች።

«አሁን ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለች። «በአፋርኛ።»